ከአንዲት የጤፍ ቅንጣት እስከ ባለ 20 አሃዙ ቁጥር

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር ለመጽሔት የተዘጋጀ)

በዛሬው ዝግጅታችን የምንነጋገረው ስለ አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 18,446,744,073,709,551,615 ይባላል። 20 አሃዞች አሉት። ሲነበብ 18 ኩዊንቲሊዮን ከ446 ኳድሪሊዮን ከ744 ትሪሊዮን ከ73 ቢሊዮን ከ709 ሚሊዮን ከ551 ሺህ ከ615 ነው። በቃል ለመያዝ አትጨነቁ። በንግግራችን መጨረሻ ላይ ቁጥሩን ባታስታውሱትም ጠባዩን እንደማትረሱት ተስፋ እናደርጋለን።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ይህ ቁጥር ለኑሯችን ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህ ቁጥር አንድ ነገር በእጥፍ በእጥፍ ሲያድግ መጨረሻው የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ነው። በእጥፍ የሚያድግ ነገር ደግሞ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ዕዳ በእጥፍ ያድጋል፤ የገበያ ዋጋ በእጥፍ ያድጋል፤ የሕዝብ ቁጥር በእጥፍ ያድጋል፤ «ሁለት ሰው አምጡ፣ እነሱም ሁለት ሁለት ያምጡ፣ ከዚያ ትከብራላችሁ» የሚለው የማታለያ ንግድም የቆመው በዚሁ እጥፍ ላይ ነው። ሒሳቡን ያወቀ ሰው አይታለልም። ያላወቀ ግን ስንት ዓመት ለፍቶ ያጠራቀመውን ብር በአንድ ቀን ያስረክባል።

የሰንጠረዡ ታሪክ

የቁጥሩ ታሪክ የሚጀምረው ከሰንጠረዥ ጨዋታ ነው። በጥንት ዘመን በሕንድ አገር አንድ ጠቢብ ሰው የሰንጠረዥን ጨዋታ ፈልስፎ ለንጉሡ አቀረበለት ይባላል። ንጉሡ እጅግ ተደሰተና «የምትሻውን ጠይቀኝ» አለው። ጠቢቡም በሰንጠረዡ የመጀመሪያ ቤት ላይ አንድ ቅንጣት እህል፣ በሁለተኛው ላይ ሁለት፣ በሦስተኛው ላይ አራት፣ በአራተኛው ላይ ስምንት፣ እንዲህ እያለ በየቤቱ እጥፍ እየተደረገ እስከ 64ኛው ቤት ድረስ እንዲሰጠው ጠየቀ። ንጉሡ ጥያቄው የማይረባ መስሎት ተናደደ። ቆጣሪዎቹ ሒሳቡን ሠርተው ሲጨርሱ ግን በመንግሥቱ ጎተራዎች ሁሉ ያለው እህል እንደማይበቃ ነገሩት።

ታሪኩ ተረት ሊሆን ይችላል። ሒሳቡ ግን እውነት ነው። ይህን ታሪክ በጽሑፍ ካቆዩልን ቀደምት ሰዎች አንዱ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የኖረው የታሪክ ጸሐፊ አል-ያዕቁቢ ነው።

ሰንጠረዥ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ቃሉ ራሱ ከዐረብኛው «ሸጠረንጅ» ጋር ዘመድ ነው፤ እሱም በፋርስ በኩል ከሕንድ የመጣ ነው። በእኛም ዘንድ በቤተ መንግሥትና በመኳንንት ቤት ሲጫወቱት የኖረ ጨዋታ ነው። የኢትዮጵያው ሰንጠረዥ የራሱ ደንብ ነበረው። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ፣ እንደፈለጉ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። የቤቶቹ ቁጥር ግን ያው 8 በ8፣ በድምሩ 64 ነው። ዛሬ ትምህርት ቤት ውስጥ በመስመርና በዓምድ የተከፋፈለውን ሁሉ «ሰንጠረዥ» የምንለው ከዚሁ ተነስተን ነው።

ሒሳቡን ገነተ ማርያም ላይ ብንሠራው

ተረቱን ከሕንድ አንስተን ወደ አገራችን እናምጣው። ስንዴውንም በጤፍ እንለውጠው። ቦታው ላስታ ይሁን፤ ከላሊበላ ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው ገነተ ማርያም። ገነተ ማርያም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነገሠው በይኩኖ አምላክ ዘመን እንደታነጸች በሚነገርላት ከዐለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን የታወቀች አካባቢ ናት። የላስታ ገበሬ በደጋው ገብስና ስንዴ፣ ዝቅ ባለው ቦታ ጤፍ ይዘራል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቅዳሜ ገበያ ላይ ይገናኛል፤ እህሉን በቁና ሰፍሮ ይሸጣል፣ ይገዛል። እንግዲህ ለጠቢቡ የተገባውን ቃል የሚከፍለው አንድ የገነተ ማርያም ገበሬ ነው እንበል።

ጤፍ ከእህል ሁሉ ደቃቅ ነው። እንደ ዘሩ ዓይነት ቢለያይም አንድ ግራም ጤፍ በግምት 3,000 ቅንጣት ይወጣዋል። ስለዚህ ገበሬው መጀመሪያ ላይ ሥራው ቀላል ነው። በ12ኛው ቤት ላይ የሚያስቀምጠው 2,048 ቅንጣት አንድ ግራም እንኳ አይሞላም። በሁለት ጣት ቆንጥሮ ይጨርሰዋል። በ22ኛው ቤት 2,097,152 ቅንጣት ይሆናል፤ ይህም 700 ግራም ገደማ ነው። በ29ኛው ቤት 268,435,456 ቅንጣት ሲደርስ ወደ 90 ኪሎ ይጠጋል። አንድ ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ቀረው ማለት ነው።

የሰንጠረዡ ግማሽ፣ ማለትም 32ኛው ቤት ሲያልቅ፣ ገበሬው እስከዚያ የከፈለው ሁሉ ተደምሮ 4,294,967,295 ቅንጣት ነው። በሚዛን ሲለካ 14 ኩንታል ከ32 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከባድ ዕዳ ነው፤ ነገር ግን ጥሩ ዘመን የመጣለት ብርቱ ገበሬ ሊከፍለው ይችላል። እዚህ ላይ የቆመ ሰው «ግማሹን ጨርሻለሁ፣ የቀረኝም ይህንኑ ያህል ነው» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ስሕተቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ33ኛው ቤት ብቻ የሚቀመጠው ጤፍ እስከዚያ ድረስ በ32ቱ ቤቶች ሁሉ ከተቀመጠው በአንዲት ቅንጣት ይበልጣል። አንድ ቤት ብቻ ሌላ 14 ኩንታል ጠየቀ ማለት ነው። የሚቀጥለው 28፣ ቀጥሎ 57፣ ቀጥሎ 114 ኩንታል እያለ ይሄዳል። 64ቱም ቤቶች ሲሞሉ ጠቅላላው ከ61 ቢሊዮን ኩንታል በላይ ይሆናል።

ይህን ከአገራችን ምርት ጋር እናነጻጽረው። ከ2009 እስከ 2013 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ የመኸር ጥናት እንዳሳየው የኢትዮጵያ የጤፍ ምርት በዓመት ከ50 እስከ 58 ሚሊዮን ኩንታል ነበር። 60 ሚሊዮን ኩንታል ነው ብንል እንኳ፣ ማንም ሰው አንዲት እንጀራ ሳይበላ፣ የአገሪቱ ጤፍ ሁሉ ለዚህ ዕዳ ቢከፈል ከ1,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። ንጉሥ ላሊበላ ከነገሠበት ዘመን እስከ ዛሬ 800 ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በየዓመቱ የዛሬውን ያህል ጤፍ ቢከፈል ኖሮ ዕዳው እስካሁን አላለቀም ነበር።

ቅንጣቶቹን ልቁጠር የሚል ሰው ቢኖር ደግሞ፣ ሌትና ቀን ሳያርፍ በየሰከንዱ አንዲት ቅንጣት ቢቆጥር፣ 584 ቢሊዮን ዓመት ያስፈልገዋል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎች ለጽንፈ ዓለሙ የሚሰጡት ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ሊቃውንቱ እንዴት አሰሉት?

ዛሬ በእጅ ስልካችን በአንድ ጊዜ የምናገኘውን ይህን ቁጥር የቀድሞ ሊቃውንት በብዕርና በወረቀት አግኝተውታል። ከ973 እስከ 1048 (እ.ኤ.አ.) የኖረው የኸዋሪዝሙ ሊቅ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ስለ ሕዝቦች የዘመን አቆጣጠር በጻፈው «አል-አሣር አል-ባቂያ» በተሰኘው ኪታቡ ውስጥ ቁጥሩን አንድም አሃዝ ሳያሳስት አስቀምጦታል። መንገዱም ብልሃት የተሞላበት ነው። 64 ጊዜ እጥፍ እያደረጉ መድከም አያስፈልግም። ቁጥሩን በራሱ ማባዛት ይበቃል። እርሳስ ያላችሁ ተከተሉን፦

2 በ2 ሲባዛ 4፤
4 በ4 ሲባዛ 16፤
16 በ16 ሲባዛ 256፤
256 በ256 ሲባዛ 65,536፤
65,536 በራሱ ሲባዛ 4,294,967,296፤
ይህም በራሱ ሲባዛ 18,446,744,073,709,551,616።

ስድስት ማባዛት ብቻ! የመጨረሻው ውጤት ሰንጠረዡ 65ኛ ቤት ቢኖረው ኖሮ እዚያ የሚቀመጠው ቁጥር ነው። ከዚያ ላይ አንድ ሲቀነስ የ64ቱ ቤቶች ድምር ይገኛል።

ለምን አንድ ይቀነሳል? ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰንጠረዡ ከሞላ በኋላ ሌላ አንዲት ቅንጣት ተበደርን እንበል። ይህችን በመጀመሪያው ቤት ካለችው አንዲት ጋር ብንቀላቅላት ሁለት ይሆናሉ። እነዚህን ሁለቱን በሁለተኛው ቤት ካሉት ሁለት ጋር ብንቀላቅል አራት፤ አራቱን በሦስተኛው ቤት ካሉት አራት ጋር ብንቀላቅል ስምንት። እንዲህ እያልን ስንሄድ ሁሉም ተጠራርጎ 65ኛው ቤት ላይ ይደርሳል። የተበደርናትን አንዲት ቅንጣት ስንመልስ ድምሩ ከ65ኛው ቤት በአንድ ያንሳል። ይህ ደንብ ለ64 ቤት ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ደረጃ ይሠራል፤ አዲሱ ቤት ምንጊዜም የቀድሞዎቹን ሁሉ ድምር በአንድ ይበልጣል። ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ይህችን ደንብ ያዙልን።

ከ1211 እስከ 1282 (እ.ኤ.አ.) የኖረው ቃዲና የታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኸሊካን ደግሞ «ወፈያት አል-አዕያን» በተባለው ኪታቡ ውስጥ፣ የታወቀውን የሰንጠረዥ ተጫዋች የአስ-ሱሊን ታሪክ ሲተርክ፣ ይህን ነገር ያነሳል። መጀመሪያ ላይ እህሉ ያን ያህል ይሆናል የሚለውን ለማመን ተቸግሮ ነበር። በኋላ አንድ የእስክንድርያ የሒሳብ ሰው በወረቀት ሠርቶ አሳየው። ስሌቱ በ16ኛው ቤት 32,768 ቅንጣት ላይ ይደርሳል። ይህ በአንድ መስፈሪያ እንደሚሰፈር ተሞክሮ ታወቀ። ከዚያ መስፈሪያው እጥፍ እየተደረገ በ40ኛው ቤት አንድ ትልቅ ጎተራ ይሞላል። በ50ኛው ቤት 1,024 ጎተራ ይሆናል፤ ይህም አንድ ከተማ ነው እንበል። በ64ኛው ቤት እንዲህ ያሉ 16,384 ከተሞች ያስፈልጋሉ። ኢብን ኸሊካንም በዓለም ላይ ይህን ያህል ከተማ እንደሌለ ይናገራል። የላስታ ገበሬ ከቁና ወደ ኩንታል፣ ከኩንታል ወደ ጎተራ እያለ እንደሚያስበው ሁሉ የእስክንድርያውም ሰው የማይታየውን ቁጥር ያስረዳው ሰው በሚያውቀው መስፈሪያ ነው።

እልፍና አልፍ

እዚህ ላይ ስለ ቁጥር ስሞች አንድ ነገር እናንሳ። በዐረብኛ «አልፍ» ማለት 1,000 ነው። በግእዝና በአማርኛ «እልፍ» ማለት 10,000 ነው። ቃሎቹ እህትማማቾች ናቸው፤ መጠናቸው ግን በዐሥር እጥፍ ይለያያል። በግእዝ አኃዝ እልፍ ፼ ተብሎ ይጻፋል። የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም። ትልቅ ቁጥር የሚጻፈው በእልፍ እየታሰረ ነው። የእኛ ቁጥር በእልፍ ቢታሰር አምስት እስር ይወጣዋል፦ 1844፣ 6744፣ 737፣ 955 እና 1615። ከሕንድ ተነስቶ በዐረብኛ ተናጋሪ ሊቃውንት በኩል ለዓለም የተዳረሰው የዜሮ አጻጻፍ እንዲህ ያለውን ስሌት ምን ያህል እንዳቀለለው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የቁጥሩ ጠባይ

አሁን ቁጥሩን ራሱን እንመርምር። መጀመሪያ፣ ቁጥሩ ጎዶሎ ነው፤ ለሁለት ሲካፈል አንድ ይተርፋል። ምክንያቱም ከመጀመሪያው ቤት አንዲት ቅንጣት በስተቀር በሌሎቹ ቤቶች ሁሉ ያለው እጥፍ ነው። በ5 ስለሚጨርስ ለ5 ይካፈላል። አሃዞቹ ተደምረው 87 ይሆናሉ፤ 87 ለ3 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ3 ይካፈላል።

የፈራኢድ (የውርስ ሕግ) ትምህርት ለተማራችሁ አንድ ነገር እንጨምር። በሸሪዓችን የታወቁት የውርስ ድርሻዎች ስድስት ናቸው፦ ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሁለት ሦስተኛ፣ አንድ ሦስተኛና ስድስተኛ። ይህን የሚያህል እህል የተወ ሟች ቢኖር፣ ግማሹን፣ ሩቡን፣ ስምንተኛውን ወይም ስድስተኛውን ቅንጣት ሳይሰነጠቅ ማውጣት አይቻልም፤ ቁጥሩ ጎዶሎ ነውና። አንድ ሦስተኛውና ሁለት ሦስተኛው ግን ያለ ቀሪ ይወጣሉ። ሀብት መብዛቱ ብቻውን ክፍፍልን አያቀልም ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሰንጠረዡን እንደ ወረቀት እያጠፍን እንየው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች ድምር 3 ነው። የአራቱ ቤቶች ድምር 15፣ ማለትም 3 በ5 ነው። የመጀመሪያው ረድፍ፣ ማለትም የስምንቱ ቤቶች ድምር፣ 255 ነው፤ ይህም 15 በ17 ነው። ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን 256 እጥፍ ስለሚሆን የሁለቱ ረድፎች ድምር 255 በ257፣ ማለትም 65,535 ነው። የአራቱ ረድፎች ድምር ደግሞ 65,535 በ65,537 ነው። የሰንጠረዡ ሁለት ግማሾች ሲደመሩ የአራቱ ረድፎች ድምር በ4,294,967,297 ይባዛል። ስለዚህ ትልቁ ቁጥራችን 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 እና 4,294,967,297 እርስ በርስ ሲባዙ የሚገኝ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች አስተውሉ። ቀደም ሲል በስድስቱ ማባዛቶች ባየናቸው ቁጥሮች ላይ፣ በ2፣ በ4፣ በ16፣ በ256 እያልን አንድ አንድ ስንጨምር የሚገኙ ናቸው። ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሰው በ1640 (እ.ኤ.አ.) ገደማ እንዲህ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈሉም ብሎ ገመተ። በትምህርት ቤት «ብቸኛ ቁጥር» የሚባሉት ማለት ነው። እስከ 65,537 ድረስ ግምቱ ልክ ነው። በ1732 ግን ኦይለር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ሊቅ 4,294,967,297 የ641 እና የ6,700,417 ብዜት መሆኑን አሳየ። በትንሹ የሠራ ነገር በትልቁም ይሠራል ብሎ መደምደም እንደማይገባ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

እንግዲህ የቁጥራችን መሠረቶች ሰባት ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 641፣ 65,537 እና 6,700,417። ከእነዚህ ሰባቱ እያንዳንዱን ወይ በማስገባት ወይ በመተው የሚሠሩት አካፋዮች 128 ናቸው። ትልቁ ቁጥር ያለ ቀሪ የሚካፈለው ለእነዚህ ለ128ቱ ብቻ ነው። ይህ 128 ራሱ በመጀመሪያው ረድፍ መጨረሻ፣ በ8ኛው ቤት ላይ የሚቀመጠው የቅንጣት ብዛት ነው።

የገበሬው ማባዛትና የኮምፒውተሩ ሒሳብ

በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያውያን ማባዛት» የሚባል ዘዴ አለ። የማባዣ ሰንጠረዥ በቃሉ ያልያዘ ሰው እጥፍ ማድረግና መግመስ ብቻ ከቻለ ማንኛውንም ቁጥር ማባዛት ይችላል። የጥንት ግብፃውያንም በእጥፍ ያባዙ ነበር። ምሳሌ እንስጥ። 22 ሰዎች እያንዳንዳቸው 37 ብር ቢያዋጡ ስንት ይሆናል? በአንድ ወገን 22ን እየገመስን፣ የተረፈውን እየጣልን እንጽፋለን፦ 22፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1። በሌላው ወገን 37ን እጥፍ እናደርጋለን፦ 37፣ 74፣ 148፣ 296፣ 592። በመጀመሪያው ወገን ጎዶሎ ከሆኑት ከ11፣ ከ5 እና ከ1 አንጻር ያሉትን ብቻ እንደምራለን፦ 74 እና 148 እና 592፤ 814 ብር ይመጣል። ልክ ነው።

ለምን ይሠራል? 22 ማለት 2 እና 4 እና 16 ስለሆነ ነው። እነዚህ ደግሞ የሰንጠረዡ 2ኛ፣ 3ኛና 5ኛ ቤቶች ናቸው። ማንኛውም ሙሉ ቁጥር ከሰንጠረዡ ቤቶች አንዳንዶቹን መርጦ በመደመር ይገኛል፤ የሚገኝበትም መንገድ አንድ ብቻ ነው። ከ1 ጀምሮ እስከ ትልቁ ቁጥራችን ድረስ በዚህ መንገድ የማይገኝ ቁጥር የለም። ትልቁ ቁጥራችን ሁሉም ቤቶች የተመረጡበት ነው።

ኮምፒውተርና ዘመናዊ ስልክ የሚያስቡትም በዚሁ መንገድ ነው። በውስጣቸው ቁጥር የሚያዘው እንደ አምፖል በሚበሩና በሚጠፉ ቤቶች ነው። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምባቸው መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ 64 እንዲህ ያሉ ቤቶችን ይይዛሉ። ስለዚህ በ64 ቤት ሊያዝ የሚችለው ትልቁ ሙሉ ቁጥር ያው የሰንጠረዡ ቁጥር ነው። አንድ ቢጨመርበት እንደሞላ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ዜሮ ይመለሳል። በሺህ ዓመት የሚቀድመው የቢሩኒ ቁጥር በኪሳችን ይዘነው እንዞራለን ማለት ነው።

ለኑሯችን ምን ይላል?

ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። በከተማም ሆነ በገጠር «ይህን ያህል ብር ከፍለህ ግባ፣ ሁለት ሰው አስገባ፣ እነሱም ሁለት ሁለት ያስገቡ» የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ። አንዳንዴ ዕቃ ይይዛሉ፣ አንዳንዴ የስልክ ፕሮግራም ያሳያሉ። ስማቸው ይለዋወጣል፤ ሒሳቡ ግን ያው የሰንጠረዡ ሒሳብ ነው። አንድ ሰው ጀመረው እንበል። በ10ኛው ዙር አዲስ የሚገቡት 1,024 ሰዎች ናቸው። በ20ኛው ዙር 1,048,576 ይሆናሉ። ከቀድሞዎቹ ጋር ሲደመሩ 2,097,151 ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የሰሜን ወሎ ዞን ሕዝብ በሙሉ፣ ሕፃን ሽማግሌው ሳይቀር፣ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ27ኛው ዙር አዲስ መግባት ያለባቸው ከ134 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ለኢትዮጵያ የገመተው ሕዝብ ግን 132 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ33ኛው ዙር ከ8.5 ቢሊዮን በላይ ሰው ያስፈልጋል፤ በምድር ላይ ያን ያህል ሰው የለም።

ያዙልን ያልናችሁን ደንብ አሁን አስታውሱ። አዲሱ ቤት ከቀድሞዎቹ ሁሉ ድምር በአንድ ይበልጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ንግድ በየትኛውም ዙር ላይ ቢቆም በመጨረሻው ዙር የገቡት ከቀደሙት ሁሉ ይበዛሉ። እነዚህ ሰዎች ከፍለዋል፤ ከሥራቸው ግን ማንም አልገባም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው መክሰሩ አዘጋጁ ክፉ ስለሆነ ወይም ዕድል ስለጎደለ አይደለም። ሒሳቡ ራሱ እንዲህ ነው። ቀድሞ የገባው የሚያገኘው ትርፍም የተሠራ ሥራ ዋጋ አይደለም፤ ኋላ የገባው ጎረቤቱና የአክስቱ ልጅ ብር ነው። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 እንዲህ ያለውን የፒራሚድ ሽያጭ ከከለከላቸው ድርጊቶች አንዱ አድርጎታል።

«ይህን መልእክት ለ10 ሰው ካላስተላለፍክ መዓት ይወርድብሃል» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። ሁሉም ሰው ቢታዘዘው በ10ኛው ዙር 10 ቢሊዮን ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳችሁ እናንተ ጋ ቢቆም የሚጎዳ ማንም የለም።

አራጣም እንዲሁ ነው። 100 ብር ተበድሮ ዕዳው በየዓመቱ እጥፍ የሚሆንበት ሰው በ10ኛው ዓመት 102,400 ብር ይጠየቃል። በ20ኛው ዓመት ከ104 ሚሊዮን ብር በላይ ይሆናል። ቁርኣን በሱረቱ አሊ ዒምራን ሪባን ሲከለክል እጥፍ ድርብ እየሆነ መበላቱን ለይቶ ማንሳቱ ይህን ስሌት ለሠራ ሰው ግልጽ ይሆንለታል።

እጥፉ በየዓመቱ ባይሆንም መምጣቱ አይቀርም። በዓመት 20 በመቶ የሚጨምር ዋጋ አራት ዓመት ሳይሞላው እጥፍ ይሆናል። በዓመት 2.5 በመቶ የሚያድግ ሕዝብ በ28 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 53 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ30 ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የላስታ ተዳፋት መሬት ግን እጥፍ አይሆንም። እንዲያውም ተቃራኒውን ይሄዳል። አራት ጥማድ መሬት ያለው አባት ለሁለት ልጆቹ ቢያካፍል ሁለት ሁለት ጥማድ ይደርሳቸዋል፤ ለልጅ ልጅ አንድ፣ ከዚያ በኋላ ግማሽ ጥማድ። በአንድ በኩል ሰው እጥፍ እየሆነ፣ በሌላ በኩል ማሳ እየተገመሰ ሲሄድ ለልጆች ከመሬት ሌላ የሚወርሱት ነገር፣ ትምህርትና የእጅ ሙያ፣ ማዘጋጀት የግድ ይሆናል።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፤ እጥፍ ሁልጊዜ ክፉ ነው አላልንም። አንድ ሰው ያወቀውን ለሁለት ሰው ቢያስተምር፣ እነሱም ለሁለት ሁለት ቢያስተምሩ፣ እውቀትም እንዲሁ ይበዛል፤ ልዩነቱ ያስተማረ ሰው ከእውቀቱ የሚጎድልበት ነገር አለመኖሩ ነው። ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ ጋር 64 ቤት በወረቀት ላይ ሥሩና ቁጥሮቹን እየጻፋችሁ እስከ 20ኛው ቤት ድረስ ሂዱ። ከዚያ በኋላ «ሁለት ሰው አምጣ» የሚል ሰው በሩን ቢያንኳኳ ልጆቻችሁ ራሳቸው ይመልሱለታል።